ከገንዳው እስከ ባሕሩ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስድስት ልጆች ሆነን በዶርማችን ውስጥ አንድ ፊልም አየን። ፊልሙ በእጅ የተሣለ ካርቱን ነው። «ካርቱን» የሚለውን ቃል የሰማ አንዱ ጓደኛችን «ሰኞ ፈተና ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ የልጅ ነገር ያያል እንዴ?» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊልሙ ሲጋመስ ግን ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ከሁላችንም ፊት ተቀምጦ ነበር። ካለቀ በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቆየ። እልባት ሳያገኝም ተኛን። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ክርክሩን ለማሸነፍ አይደለም። ያን ሌሊት በአፌ መናገር ያቃተኝ አንድ ነገር ስላለ፣ እሱን ቢያንስ በጽሑፍ ልናገረው ብዬ ነው።

ፊልሙ «ዘ ፕሌግ ዶግስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የቸነፈር ውሾች» ብንለው ያስኬዳል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ጽፎ ያዘጋጀው ማርቲን ሮዘን ነው። ታሪኩ የተወሰደው እንግሊዛዊው ደራሲ ሪቻርድ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1977 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሮዘን ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የዚሁኑ ደራሲ የጥንቸሎች ታሪክ ወደ ፊልም ለውጦት ነበር። ይኸኛው ግን ለልጆች የሚሆን አይደለም። ወላጅ ልጁን ይዞ ቢገባ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚጸጸት ይመስለኛል።

መጀመሪያው እንዲህ ነው። አንድ ጥቁር ትልቅ ውሻ በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል። መውጫ የለውም። ይዋኛል፣ ይደክማል፣ ይዋኛል፣ በመጨረሻም ይሰጥማል። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ከላይ ቆመው ሰዓቱን ይመለከታሉ። ውሻው ከገንዳው ሥር ሲደርስ ጎትተው ያወጡትና ነፍስ ይዘሩበታል፤ ከዚያ ወደ ብረት ቤቱ ይመለሳል። ለነገ ደግሞ ተረኛ ነው። ይህ ውሻ ራውፍ ይባላል። ከጎኑ ያለው ትንሽ ውሻ ስኒተር ነው፤ ራሱ ላይ ፋሻ አለ። አንጎሉ ላይ የተደረገው ቀዶ ጥገና በዓይኑ የሚያየውንና በሐሳቡ የሚመጣበትን እንዳይለይ አድርጎታል። ስኒተር ቀድሞ ጌታ ነበረው፤ ይወደው የነበረው ያ ሰው በመኪና ተገጭቷል፤ ውሻውም «በእኔ ምክንያት ነው» ብሎ ያምናል። አንድ ቀን ማታ የራውፍ ብረት ቤት በደንብ ሳይዘጋ ይቀርና ሁለቱ በቆሻሻ ማቃጠያው ምድጃ በኩል አምልጠው ይወጣሉ። የሚወጡትም በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት ወደሚባለው የተራራና የሐይቅ አገር ነው። ቱሪስት ለመዝናናት የሚሄድበት ውብ አገር ነው። ለሁለቱ ውሾች ግን ብርድና ረሃብ ብቻ ሆነ። በግ መግደል ጀመሩ። አንድ ብልጥ ቀበሮ ከሚገድሉት እየተካፈለ የዱር ኑሮ ያስተምራቸዋል። ገበሬዎች ተነሡባቸው፣ ጋዜጣ ተነሣባቸው፣ በመጨረሻም ወታደር ዘመተባቸው።

ታሪኩን በዚህ ልግታና ወደ ተከራከርንበት ጉዳይ ልመለስ።

ከመካከላችን አንዱ «ሰዎቹ ጨካኞች ናቸው» አለ። ሁላችንም ተስማማን። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በእርግጥ ጨካኞች ናቸው ወይ? ጨካኝ ስንል ምን ማለታችን ነው? እኔ ሳድግ የማውቀው ጨካኝ ፊቱ የተኮሳተረ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ዱላ የያዘ ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ባለ ነጭ ጋዋኖች ግን እንደዚያ አይደሉም። አይቆጡም፣ አይሳደቡም፣ ውሻውን በእርግጫ አይመቱም። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። አንዱ ይመለከታል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ ሦስተኛው ይጎትታል። ሥራቸውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ምናልባት ቤታቸው የራሳቸው ውሻ ጅራቱን እየቆላ ይጠብቃቸው ይሆናል። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ንዴት ያለበት ጭካኔ ንዴቱ ሲበርድ ይቆማል። መዝገብ ያለው ጭካኔ ግን የሚያቆመው የለም፤ ነገም የሚሞላ ሌላ መስመር አለና።

እነዚህ ሰዎች «ምን» የሚለውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳሉ። ምን ይለካሉ? ውሻው ውሃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይለካሉ። ይህንን በደቂቃና በሰከንድ ያውቁታል። «ለምን» የሚለው ግን አይነሣም። ከዚህ ልኬት ማን ይድናል? የትኛው በሽተኛ ይነሣል? ጆሮዬን አቅንቼ ብጠብቅም ከአንዳቸውም አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። ጭካኔ ማለት እንግዲህ እዚህ ላይ የሚጀምር ይመስለኛል፦ እጅ ሥራውን ሲቀጥል «ለምን» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሲሞት። ደግ ሰውም ቢሆን ይህ ጥያቄ ከሞተበት ከጨካኙ እኩል መሆኑ አይቀርም።

ይህንን በተናገርኩ ጊዜ ሐኪም ለመሆን የሚማረው ጓደኛችን ሳቀብኝ። «ስማ፣» አለኝ፣ «አንተ ራስህ በክትባት አይደለም እንዴ የዳንከው? ያ ክትባት ከሰማይ የወረደ መሰለህ?»

እውነቱን ነው። ታሪኬን ያውቃል። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በምንኖርባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ጌታው የማይታወቅ ውሻ ባቴ ላይ ነከሰኝ። ውሻው ሌሎችንም ነክሶ ነበርና የእብድ ውሻ በሽታ አለበት ተባለ። አባቴ ሥራውን ትቶ፣ ገንዘብ ተበድሮ ወደ ከተማ ወሰደኝና ለብዙ ቀናት በየዕለቱ እምብርቴ ዙሪያ መርፌ ተወጋሁ። ሕመሙ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ግን ይኸው አለሁ። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ያ መርፌ ባይኖር ይህንን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

መርፌው ከየት መጣ? ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ጆሴፍ ማይስተር የሚባል፣ እብድ ውሻ ክፉኛ የነካከሰው ልጅ ቀረበለት። ልጁ 9 ዓመቱ ነበር፤ እኔ ስነከስ ከነበረኝ ዕድሜ በአንድ ዓመት ያንሳል። ፓስተር በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር አድርቆ ያዘጋጀውን መድኃኒት በ13 መርፌ ሰጠውና ልጁ ዳነ። ከዚያ በፊት ግን ያው መድኃኒት በ50 ውሾች ላይ ተሞክሯል። ጥንቸሎቹም በሽታው ሆን ተብሎ እየተሰጣቸው ነው የሞቱት። እኔ በእነዚያ ውሾችና ጥንቸሎች ላይ ቆሜ ነው የምናገረው። የስኳር በሽታ ያለበት ወገናችን የሚወጋው ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት ያገኙት ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ እየሞከሩ ነው። እንግዲህ ፊልም አይቶ «ምርምር ሁሉ ይቁም!» ብሎ መጮህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግብዝነት ነው። ያደገበትን ጡት የሚነክስ ልጅ ነው የሚሆነው።

ታዲያ ጓደኛዬ አሸነፈኝ ማለት ነው? ግማሹን አዎን፣ ግማሹን ደግሞ አይደለም።

ፓስተርን «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ለዚህ ልጅ» ብሎ ጣቱን ይጠቁማል። መልስ አለው። መልሱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ መልስ መኖሩ ግን አያጠራጥርም። የራውፍ ገንዳስ? «ይህ የደራሲ ፈጠራ ነው እንጂ ማን ውሻ ያሰጥማል?» ትሉ ይሆናል። ውሻው ፈጠራ ነው። ነገሩ ግን ባዶ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ኩርት ሪክተር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አይጦችን በውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ እየከተተ እስኪሰጥሙ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሚዋኙ የለካበትን ጥናት አሳትሟል። ከዱር የተያዙት ብርቱዎቹ አይጦች በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ነገር ግን ለአፍታ ያህል አውጥቶ መልሶ ሲከታቸው ያን ያህል ቶሎ አልሞቱም፤ ረጅም ሰዓት ዋኙ። ሪክተር ይህንን ሲተረጉም የመጀመሪያዎቹን የገደላቸው ተስፋ መቁረጥ ነው፤ አንድ ጊዜ የዳነው አይጥ ግን ተስፋ ስለሚኖረው ይታገላል አለ።

እስቲ ይህንን ቀስ ብለን እናስበው። ሰውዬው አይጥ ውስጥ ተስፋ አገኘ። ያገኘውም በማስጠም ነው። አሁን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አይጧ ውስጥ ያለው ነገር የእኛን ተስፋ አይመስልም፤ እንዲያ ከሆነ ሙከራው ስለ ሰው የሚነግረን ነገር የለም፤ አይጦቹ በከንቱ ሞቱ። ወይም ደግሞ ይመስላል፤ እንዲያ ከሆነ ተስፋ ያላትን ፍጥረት፣ ተስፋ እንዳላት እያወቅን፣ ያንኑ ተስፋዋን ለመለካት ነው ያሰጠምናት። በሁለቱም በኩል መውጫ የለም፤ እንደ ገንዳው ነው። ለሥጋ በሽታ «የውሻ ደም ሥር የእኛን ይመስላል» ማለት አንድ ነገር ነው። «የውሻ ተስፋ መቁረጥ የእኛን ይመስላል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን የሚናገር ሰው ሳያውቀው ራሱን እየከሰሰ ነው።

ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ብለዋል። ዴካርት በ17ኛው መቶ ዓመት እንስሳ እንደ ሰዓት ያለ መኪና ነው፣ ነፍስ የለውም ብሎ ነበር። ካንት ደግሞ እንስሳ ላይ መጨከን የለብንም፤ ምክንያቱም በእንስሳ ላይ የለመደ እጅ በሰው ላይም ይጨክናል አለ። መልካም አባባል ነው፤ ዳሩ ግን ውሻውን የሰው መለማመጃ ብቻ ያደርገዋል። ራውፍ ሲሰጥም የሚጎዳው የሰውዬው ጠባይ ነው እንደ ማለት ነው። ሳንባው ውሃ የሚሞላው እኮ የውሻው ነው! ለእኔ ከሁሉ የቀረበኝ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያነሣው ሐሳብ ነው፦ ልንጠይቅ የሚገባን እንስሳው ማሰብ ወይም መናገር መቻሉን ሳይሆን መሠቃየት መቻሉን ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ውሻ ረግጦ ጩኸቱን የሰማ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ቤንታምም ቢሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የእሱ መንገድ ሚዛን ነው፦ በአንዱ በኩል የውሻውን ሥቃይ፣ በሌላው በኩል የሰውን ጥቅም አድርጎ መዝኖ የከበደውን መውሰድ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣችው ሕግም፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ የነበረውን የቀድሞ ሕግ ተክቶ፣ ለሙከራ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ይኸው ሚዛን እንዲሠራ ያዝዛል። ፊልሙ ሲወጣ ገና የድሮው ሕግ ነበር የሚሠራው። ሚዛኑ ከምንም ይሻላል። ሆኖም ሚዛኑ ወደ እኛ ካጋደለ በኋላ ምን ይሆናል? ነገሩ ተዘጋ? «ጥቅሙ በለጠ፣ እንግዲህ ንጹሕ ነን» ብለን እጃችንን ታጥበን እንሂድ?

እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ጥቅም በደልን ትክክል አያደርገውም። የተጠቀመውን ሰው ባለዕዳ ነው የሚያደርገው። አባቴ እኔን ለማሳከም ገንዘብ ሲበደር ምክንያቱ ከማንም ምክንያት የበለጠ ነበር። ልጄ ሊሞት ነው ያለ ሰው ምን ይባላል? ቢሆንም ምክንያቱ ትልቅ ስለሆነ ብድሩ አልተሰረዘም። ሁለት ዓመት እየቆጠበ ከፈለው። በእነዚያ 50 ውሾች ዘንድ ያለብኝም እንዲሁ ነው። ለእነሱ ልከፍላቸው አልችልም፤ ሞተዋል። ባለዕዳ መሆኔን ግን ልረሳ አልችልም። ባለዕዳ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፦ በማያስፈልግ ነገር ላይ ሌላ ብድር አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ነገር አሳስበው ነበር፦ በሌላ ዘዴ መተካት የሚቻል ከሆነ እንስሳው ይተካ፤ ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ፤ እሱም ካልሆነ ሥቃዩ ይቅለል። ይህ እንግዲህ የባለዕዳ ሰው ቋንቋ ነው። የነጭ ጋዋኑ ዶክተር ቋንቋ ግን የባለመብት ነው።

ዕዳውን ዘግይቶ ያስታወሰም አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1957 ሶቭየት ኅብረት ላይካ የምትባለውን ከሞስኮ መንገድ የተለቀመች ውሻ በስፑትኒክ 2 ወደ ጠፈር ላከቻት። መመለሻ አልተሠራላትም። ዓለም አጨበጨበ፤ ምስሏም በቴምብር ላይ ወጣ። ለብዙ ዓመታት ቀናት ያህል በሕይወት እንደ ቆየች ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን በሙቀት ተጨንቃ በሰዓታት ውስጥ መሞቷ ተገለጸ። ከሥራው ተካፋዮች አንዱ የነበሩት ኦሌግ ጋዜንኮ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጉዞው የተገኘው ትምህርት የውሻዋን ሞት የሚያህል እንዳልነበረ ጠቅሰው በይፋ ተጸጽተዋል። 41 ዓመት ዘግይቶም ቢሆን «ለምን» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው። ለላይካ ምንም አይረባትም። ለሚቀጥለው ውሻ ግን ይረባ ይሆናል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ሁለተኛው ጭካኔ ይቀረኛልና።

ውሾቹ ካመለጡ በኋላ የተቋሙ ሰዎች መጀመሪያ ዝም አሉ። በግ ሲሞት ዝም፣ ሰው ሲጠይቅ ዝም። ከዚያ በዚያው ተቋም ውስጥ የቸነፈር ምርምር ይካሄድ እንደ ነበር ወሬው ወጣ። ውሾቹ በሽታ ያለባትን ቁንጫ ነክተው እንደሆነስ? ውሾቹ በሽታውን ይዘው ለመውጣታቸው ማንም ማረጋገጫ አላየም። ነገር ግን ጋዜጣው «የቸነፈር ውሾች» አላቸው፤ በቃ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ራውፍና ስኒተር ውሾች አይደሉም፤ ቸነፈር ናቸው። የእኛ አገር ሰው ይህንን ከማንም በፊት ያውቀዋል፦ ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል። መከራውን ያየው ውሻ ነው፤ የሚፈራውም ውሻ ነው። መከራውን የሠራው ሰው ደግሞ ጠባቂና አዳኝ ሆኖ ይወጣል።

በዚህ መካከል አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ስኒተር አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ያያል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ በለሰለሰ ድምፅ ይጠራዋል። ውሻው «ጌታ አገኘሁ» ብሎ በደስታ ይሮጣል፤ ዘሎ ሲወጣበት መዳፉ ምላጩ ላይ ያርፍና ሰውዬው ይሞታል። ፍቅር ፈልጎ የሄደ ውሻ ነፍሰ ገዳይ ተባለ። እሱም አመነበት፤ የሚወዱኝን ሁሉ እገድላለሁ ብሎ። ራውፍም እንዲሁ ነው። ባለ ነጭ ጋዋኖቹ በቂ ምክንያት ሳይኖራቸው እንዲህ አያደርጉም ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ መሆን አለበት፣ መጥፎ ውሻ ብሆን ነው ይላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ራውፍ በተሠቃየበትም ሊጮኽ ይፈልጋል። እኛ ያልጠየቅነውን «ለምን» ውሻው ጠየቀው፤ መልስ ሲያጣ በራሱ ላይ ፈረደ።

ይኸው ነው ያን ሌሊት መናገር ወዳቃተኝ ነገር የሚያደርሰኝ።

መርፌዬን ጨርሼ ወደ ከተማችን ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖኛል። የጎረቤታችን የእማማ ውሻ ቡቺ ይባላል። ሽማግሌ ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዚያ በር ላይ ተኝቶ የሚያድር፣ የሰፈሩን ልጆች በሽታችን የሚለየን ውሻ ነው። አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ለሐጩን እያዝረበረበ፣ ራሱን እያወዛወዘ በመንገድ ሲሄድ ታየ። አንዱ ልጅ «አብዷል!» አለ። ይህች አንዲት ቃል በቃች። ከየት እንደ መጣ የማላውቀው ሕፃንና ጎረምሳ ድንጋይ ይዞ ወጣ። ሁሉም እኔን አየ። የተነከስኩት እኔ ነኛ! የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔ መብት መሰለኝ። ወረወርኩ። ቡቺ አላመለጠም፤ አልጮኸብኝምም። ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ቆመና አየኝ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ወረወረ።

ማታ እማማ ሊቀብሩት ሲያነሡት መንጋጋው ውስጥ አጥንት ተሰክቶ አገኙ። ያበደ አልነበረም። አጥንት አንቆት ነው። የሚያወጣለት ሰው ፍለጋ ነበር በየደጁ የሚዞረው።

እማማ ማን እንደ ጀመረው አልጠየቁም። እኔም አልተናገርኩም። እነሆ ዛሬ ነው የምናገረው። «ጨካኝ» ስል በነጭ ጋዋን ላይ ጣቴን ለመቀሰር የማልደፍረው ለዚህ ነው። እኔ ጋዋንም አልነበረኝም፤ ስም ብቻ ነበር የነበረኝ። «አብዷል» የሚል ስም። ስም ከተሰጠ በኋላ ማንም ወደ አፉ ጠጋ ብሎ «ለምን?» አላለም። ጠጋ ብንል አጥንቱን እናየው ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ ውሃ ነው። ወታደሮቹ ውሾቹን እስከ ባሕሩ ዳርቻ አሳደዷቸው። ከኋላ ጥይት ነው፣ ከፊት ባሕር ነው። ስኒተር ከባሕሩ ማዶ ደሴት አየሁ ብሎ ይገባል። ራውፍ ከምንም ነገር በላይ ውሃ ይፈራል፤ ያየውን ሁላችንም አይተናል። ቢሆንም ይገባል። ጉም ይሸፍናቸዋል። ስኒተር ሲደክምና ደሴት መኖሩን ሲጠራጠር፣ አሁን ራውፍ ነው «ይታየኛል፣ በርታ» የሚለው። በአዳምስ መጽሐፍ ውስጥ ጀልባ ደርሶ ያድናቸዋል፤ የስኒተርም ጌታ በሕይወት ተገኝቶ ይገናኛሉ። ሮዘን ይህንን ከፊልሙ አወጣው። ውሾቹን ጉሙ ውስጥ ትቷቸው ይሄዳል፤ የመዝጊያው ጽሑፍ ሲያልፍ ብቻ ከሩቅ ደሴት የሚመስል ነገር ይታያል። ጓደኞቼ «ዳኑ ወይስ ሞቱ?» እያሉ ሲከራከሩ ነበር። እኔ ሌላ ነገር ነው ያየሁት። ራውፍ በፊልሙ መጀመሪያም ይዋኛል፣ በመጨረሻም ይዋኛል። በገንዳው ውስጥ የሚዋኘው ሌሎች እንዲመዘግቡ ነበር። በባሕሩ ውስጥ ግን ጓደኛው እንዳይሰጥም ነው የሚዋኘው። ውሃው ያው ውሃ ነው። አሁን ግን «ለምን» አለው።

አንዱ ጓደኛችን «ኧረ ተዉ፣ ይኼ እኮ ሥዕል ነው!» ብሎ ነበር። እሱም እውነቱን ነው። በሥዕል በመሠራቱ አንድም ውሻ አልሰጠመም። እኛ ልጆች ሆነን ባየናቸው ካርቱኖች ውስጥ ድመቷ ከገደል ወድቃ፣ ተጨፍልቃ፣ ተቃጥላ ወዲያው ትነሣለች፤ እኛም እንስቃለን። ይኸኛው ካርቱን የሰጠመ ውሻ በራሱ እንደማይነሣ ያሳየናል።

ሐኪም የሚሆነው ጓደኛችን ከሁለት ዓመት በኋላ ጋዋኑን ይለብሳል። ሌሎቻችንም ጋዋን ባንለብስ ወንበር እናገኛለን፣ ማኅተም እንይዛለን፣ መዝገብ እንሞላለን። የምንሞላው መስመር ሁሉ እንስሳም ይሁን ሰው ከበስተጀርባው አንድ የሚተነፍስ ነገር አለው። ያን ጊዜ ምን እንደምንሠራ በደንብ እናውቃለን፤ ለዚያ ነው የተማርነው። «ለምን» የሚለውን ግን ማንም አይፈትነንም። እሱን ራሳችን ለራሳችን መጠየቅ ይኖርብናል፤ ድንጋዩ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት።